የዘይቱ ልኬት

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን

ለውድ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? ትንሿስ እንዴት ናት? ሁለት ጥርስ አብቅላ ሰው ትነክሳለች አሉ፤ በአያቷ ወጥታለች ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አልታጠፍም ብሎኛል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ሲንበረከክ የኖረ ጉልበት ስለሆነ አልፈርድበትም። ሰላምታውን ከዚህ በላይ አላረዝመውም። አንቺም ከእኔ ሰላምታ መጠበቅ ከተውሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖሻል።

ትናንት እህቴ መጣች። አክስትሽን ታውቂያታለሽ፤ ስትገባ አትቀመጥም፣ ከተቀመጠች ደግሞ አትነሳም። ትናንት አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ታማለች» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«ሚስትህ የሆነችውን።»

ከዚያ ካለሽበት ሩቅ አገር በስልክ የነገርሻትን ሁሉ ዘረገፈችው። ልጅ በወለድሽ በሦስተኛው ወር እንደጀመረሽ፤ ቅባት የበዛበት ነገር ከበላሽ በኋላ ከቀኝ ጎድን አጥንትሽ ሥር እንደሚነሳ፤ ወደ ኋላ ዞሮ የቀኝ ትከሻሽን እንደሚይዝ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት አጣጥፎ ካቆየሽና ካስታወከሽ በኋላ ምንም እንዳልሠራ ሰው ጥሎሽ እንደሚሄድ። አንድ ቀን ስፌት መኪናሽ ላይ ተደፍተሽ የሥራ ጓደኞችሽ በብብትሽ ይዘው እንዳወጡሽ። አልትራሳውንድ ታይተሽ ሐሞት ከረጢትሽ ውስጥ አራት ጠጠር እንደተገኘ። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይውጣ ብሎ የምትፈርሚውን ወረቀት ሲሰጥሽ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተሽ እንደወጣሽ።

«ለምን አልፈርምም አለች?» አልኳት።

እህቴ ሰው ልትወጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «‹እናቴን የገደላት ቢላ እኔን አይነካኝም› ነው ያለችኝ። ቃሉ ያንተ አይደለም እንዴ? ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብላለች። አባዬ ለእማዬ ያጠጣት የነበረው ዘይትና ሎሚ ልኬቱ ስንት ነበር?»

ሐሞቴ ፍስስ አለ። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። እህቴ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ አልጠጣሁትም። «ልኬቱን ጻፍላትና ልሂድ» አለችኝ። ሌላ ነገር ነው የምጽፍላት ብዬ ሸኘኋት።

ልኬቱን አልልክልሽም። ረስቼው አይደለም፤ የብርጭቆው ቀለም፣ የሎሚው ብዛት፣ እስከየት እንደሞላሁት ሁሉ ዓይኔ ላይ አለ። ቤትሽ ውስጥ ለዚህ ብለሽ የገዛሽው የወይራ ዘይት ካለ ለጎረቤት ስጪው። ስልክ ልደውልልሽ አሰብኩና ተውኩት። አታነሺልኝም፤ ብታነሺም እኔ በስልክ መጮህ እንጂ መናገር አልችልበትም፤ ይህንን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ልጀምርልሽ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ካላነበብሽው ደግሞ አትጀምሪው።

መጀመሪያ በሽታሽን እወቂው። እናትሽን ያያት ሐኪም የቧንቧ ሠራተኛ መሆኔን ሲሰማ ወረቀት አወጣና ሥሎ አስረዳኝ። ጥሩ አድርጎ ነበር የሣለው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ሳያቋርጥ ያንጠባጥባል። ከረጢቷ ማጠራቀሚያ ናት እንጂ ምንጭ አይደለችም። ጉበት ሥር የተንጠለጠለች ትንሽ ታንከር በያት። የእኛ ታንከር ግን የገባለትን ውሃ እንደገባ ያስቀምጠዋል፤ እሷ የገባላትን ሐሞት ውሃውን እየመጠጠች ታወፍረዋለች። ቅባት በልተሽ ቅባቱ ጨጓራን አልፎ ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ አንጀቱ በደም በኩል መልእክት ይልክባታል። ያን ጊዜ ትጨመቅና ያጠራቀመችውን በቀጭን ቱቦ ወደ አንጀት ትለቃለች። ዘይት የነካው ሳህን በባዶ ውሃ እንደማይጸዳ ታውቂያለሽ፤ ሐሞት ለቅባቱ እንደ ሳሙና ነው፣ ይበታትነዋል፣ ሰውነት ያኔ ይወስደዋል።

ሐሞቱ ውስጥ ስቡ ሲበዛ፣ ወይም ከረጢቷ በደንብ ሳትራገፍ ስትቀር ዝቃጩ ይረጋል፤ ውሎ አድሮ ይጠጥራል። እርግዝና ይህንን እንደሚያባብስ ሐኪሙ ያኔ ነግሮን ነበርና ምን አጥፍቼ ነው እያልሽ ራስሽን አትብዪ። ጠጠሩ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አያምም፤ ተሸክመውት ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ አሉ። የሚያመው ከረጢቷ ስትጨመቅ ጠጠሩ መውጫዋ አፍ ላይ ሲሰነቀር ነው። እሷ ትገፋለች፣ እሱ አይወጣም። ተመልሶ ወደ ውስጥ ሲወድቅ ይለቅሻል፣ አንቺም ዳንኩ ትያለሽ። አልዳንሽም፤ ለጊዜው ተወሽ እንጂ።

ከዚያ የሚከፋው አፉን አልፎ ዋናው ቱቦ ውስጥ የገባ እንደሆነ ነው። ያ ቱቦ የጉበትም መፍሰሻ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የቆሽት ቱቦ ይገጥመዋል። እዚያ ላይ ከተደፈነ ሐሞቱ ወደ ደም ይመለሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይመጣል። ከእነዚህ አንዱን ያየሽ ቀን ልብስ እንኳ ሳትቀይሪ ሆስፒታል ሂጂ።

ይህንን ሁሉ ያኔም አውቀው ነበር። ያልተማረ ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ ነው ብለሽ እንዳትከራከሪልኝ ነው የጻፍኩልሽ። ሐኪሙ አስረድቶኛል፣ እኔም ገብቶኛል።

ሰው ስሜን ትቶ «ግድግዳ አይነኬ» እያለ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ። ሌላው ቧንቧ ሠራተኛ ገና ከበር ሲገባ መዶሻ ያነሳል። እኔ በዕድሜዬ የሰው ግድግዳ ሳልሰብር ነው የኖርኩት። የተደፈነውን ከላይ ሞልቼ፣ ፓምፕ ገጥሜ፣ ገፍቼ አስወጣለሁ። ሴቶቹ ሴራሚካቸው ሳይነካ ቧንቧቸው ሲሠራ ሲያዩ መንገድ ላይ አስቁመው ይመርቁኝ ነበር። ምርቃቱ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ መሰለኝ። እናትሽን ለአንድ ዓመት ጨጓራ ነው፣ ጨጓራ ነው ስንላት ከርመን በመጨረሻ ጠጠሩ ሲታይ፣ ያ ሐኪም «እናውጣው» ሲለኝ፣ መዶሻ የያዘ ጀማሪ ሆኖ ነው የታየኝ። የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት፤ ሰኞ ቀን። አንቺ ስልክ ደውለሽ፣ «አባዬ፣ እባክህ ለሐኪሙ ተዋት» አልሽኝ። «አንቺ ልብስሽን ስፊ» ብዬ ዘጋሁብሽ።

ከዚያ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ መጣ፤ ቀጭኑ የምንለው። ሱቁ ገብቼ ስለ እናትሽ ሳወራው፣ «አማቴ አንድ ብርጭቆ የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጥቶ ሠላሳ ጠጠር ወጣለት፤ አሁን ምን የመሰለ ሰው ሆኗል» አለኝ። ለሁለት ዓመት ይህንን ሰውዬ ስረግመው ኖሬአለሁ፣ ከሱቁም ብሎን እንኳ አልገዛም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። እሱ እኮ ወሬ ነው ያወራልኝ። ምክንያት የፈለግሁለት እኔ ነኝ። ዘይት ያንሸራትታል፣ ሎሚ ዝቃጭ ያሟሟል፣ ቅባት ሲመጣ ከረጢቷ ትጨመቃለች ብሎ ራሱ ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ግፊት ከየት ይመጣል? አልኩ። ምንም የማያውቅ ሰው ይፈራ ነበር፤ እኔ ግማሹን አውቄ ደፈርኩ።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቅዳሜ ሰጠኋት፤ ለቀጠሮዋ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት። አሽትታው፣ «ይሄንን መኪና ውስጥ ጨምረው» አለችኝ። ሳቅን። አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው፤ ሆዷ ሲታመስባት ዋለ። እሑድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሆና ጠራችኝ። አረንጓዴ፣ አተር አተር የሚያካክሉ ድቡልቡል ነገሮች ወጥተውላታል። እኔ ኑሮዬ እዚያው ነውና አልተጸየፍኩም፤ በማጥለያ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳቸው። ሃያ ሦስት ነበሩ። እናትሽን አቅፌ በሩ ላይ አዞርኳት። «ልቀቀኝ፣ ሳሙና እጄ ላይ አለ» እያለች ትስቃለች። ያን ቀን ነበር ላንቺ የደወልኩልሽ። «እርግጠኛ ነህ አባዬ?» አልሽኝ። «መጥተሽ ቁጠሪ» አልኩሽ።

እስከዚህ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ልኬቱን የጠየቅሽውም እስከዚህ ድረስ ብቻ ስለምታውቂ ነው።

ሰኞ ብልቃጤን ይዤ ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። እናትሽ ልብስ ልታጥብ ቀረች። ተራ ጠብቄ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረግሁለት። «ይኸው፣ ሳይቆረጥ ሳይቀደድ» አልኩት።

አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አንዷን በወረንጦ አንስቶ ወረቀት ላይ አስቀመጣትና ወረቀቱን የጠረጴዛው መብራት አምፖል ሥር ያዘው። ተነጋግረን ሳንጨርስ ቀለጠች። ወረቀቱ ላይ የቀረው የዘይት ነጠብጣብ ነበር።

«አባት፣ ይሄ ጠጠር አይደለም» አለኝ። «የጠጡት ዘይትና ሎሚው ሆድ ውስጥ ተያይዘው የሠሩት ሳሙና ነው። ጠጠሩ ያለበት አለ። ያምጧት፣ አሁኑኑ በአልትራሳውንድ ላሳይዎት።»

አጠገቡ የቆመችው ነርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ምናልባት ጸሐይ ልታይ ይሆናል፤ እኔ ግን እየሳቀችብኝ ነው አልኩ።

«አይድገሙት» አለኝ ደግሞ። «ዘይቱ ከረጢቷን አጥብቆ ያስጨምቃታል። ጠጠሩን ገፍቶ ዋናው ቱቦ ላይ ከሰካው ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ቀጠሮዋ የዛሬ ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ቅባት እንዳያቀምሷት። ሰኞ ትገባለች፣ ማክሰኞ በእግሯ ትወጣለች።»

እንዲህ ብሎ፣ በዚህ ቃል፣ ፊት ለፊቴ ተናግሮኛል። ልጄ፣ ይህንን ከእኔ፣ ከሐኪሙና ከነርሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አክስትሽም አታውቀውም።

በመንገዴ ላይ ምን እንዳሰብኩ ልነግርሽ ብፈልግም ያሰብኩት ነገር የለም። ተናድጄ ነበር። ሰው በሙያው ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከብሮ ኖሮ አንድ ወረቀት ላይ ሲቀልጥ ምን እንደሚሰማው አንቺ አታውቂም፤ አይድረስብሽም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት እኔን ነው። ቤት ስደርስ እናትሽ ልብስ እያሰጣች ነበር፤ በአፏ መቆንጠጫ ይዛ፣ «ምን አለህ?» አለችኝ።

«ገረመው» አልኳት።

መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችው። «ምኑ ገረመው?»

«እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም አለ። ጥቂት ቀርቷል፣ አንድ ጊዜ ብትደግመው ያልቅላታል አለ።»

ሐኪሙ ያላለውን በሐኪሙ አፍ ተናገርኩ። እኔ ብዬ ብሰጣት እምቢ ትለኝ ነበር፤ ሆዷ ከቅዳሜው ገና አልተመለሰላትም። «አንተ ሰው፣ እኔስ ቀኑ ደርሷል፣ ልተኛላቸውና ይቁረጡኝ» ብላም ነበር። ከዚያ ግን «እሺ፣ ሐኪሙ ካለ» አለችና ተቀበለችኝ። በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታች ጠጣችው፤ ብርጭቆውንም ራሷ አጠበችው።

ሕመሙ ጸሐይ ሳትጠልቅ ጀመራት። እንደ ሌላው ጊዜ በሦስት ሰዓት አለቀቃትም። ማክሰኞ እንደታጠፈች ዋለች። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ግድግዳ ላይ እንደማደርገው። አንጀቷ ሲያጉረመርም ሰማሁና ደስ አለኝ። «ሰማሽ? መንገዱ ተከፍቷል፣ እየሄደ ነው» አልኳት። ረቡዕ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። መስታወት ፊት ቆማ፣ «ዓይኔ ምን ሆነ?» ስትለኝ፣ «ሐሞቱ ስለተለቀቀ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው» አልኳት። ይህንን ስላት ማመን አለማመኔን ራሴም አላውቅም። ወረቀቱ ላይ የሣለልኝ ሥዕል ዓይኔ ላይ ድቅን እያለ ሳባርረው ነበር የዋልኩት። ሐሙስ ጠዋት ጥርሷ እየተንገጫገጨ መንቀጥቀጥ ስትጀምር አክስትሽ መጣች፣ አየቻት፣ እኔን በማይጻፍ ስድብ ሰደበችኝ፣ መንገድ ወጥታ መኪና አስቆመች። ለእህቴ ይህንን አልረሳላትም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አይደል የሚባለው? ችግሩ እኔን ሊመክረኝ የመጣው መከራ እሷ ላይ ማረፉ ነው።

ያው ሐኪም ነው የተቀበለን። አያት፣ ሆዷን ነካ አደረጋት፣ ለነርሶቹ አንዳንድ ነገር አዘዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ደገሙት እንዴ?» አለኝ።

«አልደገምንም» አልኩት።

እናትሽ አልጋው ላይ ሆና ሰማችኝ። የረሳሁ መስሏት ነው። በዚያች በደከመች ድምፅ፣ «ኧረ ደግሜዋለሁ ዶክተር፤ እርስዎ እንዳዘዙት ሰኞ ዕለት ጠጥቻለሁ» አለችው።

ሐኪሙ ቀና አለ። እኔን አየኝ። እናትሽ እሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ገባት። ሲገባት አየሁ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት አልዞረችም። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገረችም። ጊዜም አልነበራትም፤ ጊዜ ቢኖራት ታናግረኝ እንደነበርም አላውቅም።

ያን ዕለት ከፍተው መግሉን ሊያፈሱላት ሞከሩ። ቱቦው ተደፍኖ፣ ደሟ ተመርዞ፣ ቆሽቷም ተነክቶ ነበር። ቅዳሜ ሞተች። ቢላው የነካት ሐሙስ ነው፤ እኔ ሰኞ ጨርሼአታለሁ። እሑድ ቀበርናት። ሰኞ ጠዋት ከሆስፒታሉ ቀጠሮ ክፍል ተደውሎ አንዲት ሴት፣ «ተራዋ ዛሬ ነው፣ ለምን አልመጣችም?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ምን ሆና ነው ሲለኝ «ቢላ በላት» አልኩ። የመጀመሪያው ሰው ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛው እሱም የሚያውቃትን ሴት ታሪክ ጨመረልኝ፤ አምስተኛው ጋ ስደርስ እኔም አምኜው ነበር። አንቺ ከዚያ ሩቅ አገር ደወልሽ። እያለቀስሽ «አባዬ፣ እማዬን ምን ነካብኝ?» አልሽኝ። «ሐኪም ሐኪም ስትዪ ከረምሽ፤ ይኸው ሐኪምሽ በላት፣ ደስ ይበልሽ» አልኩሽ።  ትንፋሽሽ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ፣ አንቺም ተዘጋሽ።

በዚያች ቃል ሁለት ዓመት ከአራት ወር እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ብለሽ እንደምትኖሪ ትናንት ነው የገባኝ። አክስትሽ ነገሩን ስትጨርስ፣ «እኔ ባልወተውታት ኖሮ ትላለች» አለችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ልክ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። የሰጠሻትን ምክር ሰምተን ቢሆን ማክሰኞ በእግሯ ወጥታ ልብሷን ታሰጣ ነበር። ይቅር በዪኝ የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ ላይ ታዪዋለሽ። ይቅርታ የሚጠየቀው ይቅር ሊባል ለሚችል ነገር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራስሽ ተመለሺ። ሆድሽን ከዳር እስከ ዳር አይከፍቱትም፤ አራት ትናንሽ ቀዳዳ ነው፣ በካሜራ እያዩ ነው የሚሠሩት። ከረጢቷን ከነጠጠሯ ያወጧታል። ጠጠሩን ብቻ አውጥተው ለምን አይተዉልኝም ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ ከረጢቷ ካለች መልሳ ትሠራዋለች። ያለ እሷ መኖር ይቻላል። ጉበቱ ሐሞቱን በቀጥታ ወደ አንጀት ያንጠባጥበዋል፤ ለጥቂት ሳምንት ቅባት ትቀንሻለሽ፣ ሆድሽ ትንሽ ሊያስቸግርሽ ይችላል፣ ከዚያ ይለምዳል። ማደንዘዣውን ከፈራሽ ለሐኪሙ ንገሪው፤ መፍራት ነውር አይደለም። ልጅ እያጠባሽ እንደሆነም ንገሪው። ባልሽ የዚያን ሳምንት ትንሿን ይያዝ፤ ወንድ ልጅ ሕፃን ቢያቅፍ እጁ አይወልቅም። እስከ ቀኑ ድረስ ጥብስ፣ ቅቤ፣ ዘይት የበዛበት ነገር አትንኪ። ማንም ሰው፣ ምንም ነገር ሠላሳ ጠጠር አወጣ ቢልሽ ጆሮ ዳባ ልበስ በዪው።

ይህንን ደብዳቤ ካነበብሽ በኋላ ደውዪልኝ አልልሽም። የምትሰድቢኝን ስድብ ግን ብሰማው እመርጥ ነበር፤ ከዝምታሽ ይሻለኛል። የቀዶ ጥገናሽን ቀን ለአክስትሽ ንገሪያት፤ እሷ ትነግረኛለች፣ ባትነግረኝም ከፊቷ አነበዋለሁ። ትንሿ አድጋ አያቴ እንዴት ሞተች ብላ ስትጠይቅሽ፣ ይህንን ወረቀት ስጪያት። የእኔን ስም ለማዳን ብለሽ ሌላ ታሪክ አትፍጠሪላት፤ በዚህ ቤት የተፈጠረው ይበቃል።

መርፌሽ አይሰበር፣ የሚነካሽ እጅ አይንቀጥቀጥ። ከአልጋው በእግርሽ ውረጂ፣ ልጅሽን በሁለት እጅሽ አንሺ። የእናትሽ ዕድሜ ቀሪው ላንቺ ይሁን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እናትሽ ያን ብርጭቆ የጠጣችው እኔን አምና ነው። አንቺም ወረቀቱን ሳትፈርሚ የወጣሽው እኔን አምነሽ ነው። አባት ለልጁ እንዲህ ብሎ ይጽፋል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ግን አትመኚኝ። ሐኪሙን እመኚና ፈርሚ።

አባትሽ